ትኬቱ ወደ ሌላኛው ሳን ሆሴ ነው፤ አሁን ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ «የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ኮስታ ሪካ፣ ሳን ሆሴ ከተማ ውስጥ በሚካሄድ ጉባኤ ላይ ጥናቴን አቀርባለሁ። የኮስታ ሪካ ቪዛዬን ከጨረስኩ በኋላ በኦንላይን የጉዞ ወኪል በኩል የደርሶ መልስ ትኬት ቆረጥኩ። ዋጋው ጥሩ ነበር። ትናንት አዘጋጆቹ ከአየር ማረፊያ ሊቀበሉኝ የበረራ ቁጥር ሲጠይቁኝ ነው የነቃሁት። ትኬቱ ለካ ወደ ካሊፎርኒያዋ ሳን ሆሴ ነው። ከቆረጥኩት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ለጉዞው የቀረኝ 16 ቀን ነው። የአሜሪካ ቪዛ የለኝም። ካሊፎርኒያ ደርሼ፣ ከአየር ማረፊያው ሳልወጣ በሌላ በረራ ወደ ኮስታ ሪካ ብቀጥልስ ብዬ አስቤያለሁ። አንዷ ጓደኛዬ ባንክሽ ገንዘቡን ያስመልስልሽ ትላለች። ሌላዋ ተዪውና አዲስ ግዢ ትለኛለች። ገንዘቡን የከፈልኩት ከኪሴ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከጉዞ በኋላ ይተካልኛል። ለአዘጋጆቹ ለመንገር ደግሞ አፍሬያለሁ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ በያዙት ትኬት መጓዝ አይችሉም። ዝም ብለው ሊተዉትም አይገባም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አስቀድመው ከተቀበሉ ቀሪው ይቀላል። የመጀመሪያው በረራ እስኪነሳ ድረስ ትኬቱ ትንሽም ይሁን ብዙ የሆነ ዋጋ አለው። ያ ሰዓት ካለፈ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይቀረውም። 16 ቀን በቂ ነው፤ ሥራው በቅደም ተከተል ከተሠራ።

መጀመሪያ የትራንዚት ሐሳብዎን እናንሳ። ከአየር ማረፊያ ካልወጡ ቪዛ አያስፈልግም የሚለው እምነት በብዙ አገሮች ለብዙ መንገደኞች ይሠራል። አሜሪካ ላይ ግን አይሠራም። እዚያ በቆይታ ላይ ያለ መንገደኛም ቢሆን መጀመሪያ በሚያርፍበት አየር ማረፊያ ኢሚግሬሽን ያልፋል፣ ሻንጣውን ይረከባል፣ እንደገና ያስረክባል። ቆይታው ሁለት ሰዓት ቢሆንም ያው ነው። ስለዚህ ቪዛ ከማይጠየቁ አገሮች ዜጎች በስተቀር ሲ-1 የሚባለው የትራንዚት ቪዛ ወይም ሌላ የሚያገለግል የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል። በ16 ቀን ውስጥ ቀጠሮ ተገኝቶ፣ ቃለ መጠይቅ ተደርጎ፣ ፓስፖርት ተመልሶ ብለው አይቁጠሩ።

ደግሞም ነገሩ ገና ከመነሻው ነው የሚቆመው። ቼክ ኢን ላይ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርትዎንና ቪዛዎን ቲማቲክ ከሚባለው የጉዞ ሰነዶች መረጃ ቋት ጋር ያመሳክራል። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ያጓጓዘ አየር መንገድ ይቀጣል፤ መንገደኛውንም መልሶ የመውሰድ ኃላፊነት አለበት። ስለዚህ ካውንተር ላይ ማስረዳትም ሆነ መለመን ለውጥ አያመጣም። ሁለቱ ከተሞችም ጎረቤት አይደሉም፤ በመካከላቸው ወደ 4 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር ርቀት አለ። ይህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ይተዉት።

«ተዪውና አዲስ ግዢ» የሚለው ምክር ከሁሉም ውድ ነው። መንገደኛ ሳይሰርዝ ሲቀር አየር መንገዶች ኖ ሾው ይሉታል። ኖ ሾው ከሆኑ መቀየር የሚቻለው ትኬት የማይቀየር ይሆናል፤ ሊመለስ ይችል የነበረውም ገንዘብ ብዙ ጊዜ ይቀራል። የመሄጃውን በረራ ያልተሳፈረ ሰው መመለሻውም ይሰረዝበታል፤ የትኬቱ ክፍሎች በተራቸው ነው የሚሠራባቸው። ይህን የምለው ቀን ተሳስተው ትኬት ለቆረጡ ሌሎች አንባቢዎችም ጭምር ነው። መሄጃውን በሌላ በረራ ሄጄ መመለሻውን በያዝኩት ትኬት እመለሳለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ከጉባኤው ማግስት አየር ማረፊያ ስትደርሱ ቦታው የለም።

የባንኩ ምክርም አያዋጣም። ባንክ የካርድ ክፍያን የሚያስመልሰው ያልፈቀዱት ክፍያ ሲፈጸም፣ የተከፈለበት አገልግሎት ሳይሰጥ ሲቀር ወይም ሻጩ ከተስማሙበት ውጭ ሲያስከፍል ነው። እርስዎ የመረጡትን ትኬት ሻጩ ሰጥቶዎታል። አቤቱታዎ ውድቅ መሆኑ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ክርክር የተከፈተበትን ቡኪንግ፣ ማለትም የተያዘልዎትን ቦታ፣ ሻጩ ክርክሩ እስኪያልቅ ሊያግደው ይችላል፤ ያን ጊዜ መቀየርም መሰረዝም ያቅትዎታል። ያለዎት ዋና ሀብት ቀኖቹ ናቸው፤ በዚህ አያቃጥሏቸው።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። ትኬቱን ያወጣልዎት ድረ ገጹ ሳይሆን የወኪሉ ሠራተኛ ከሆነና እርስዎ «ኮስታ ሪካ» ብለው በጽሑፍ ጠይቀው ከሆነ ስህተቱ የወኪሉ ነው። ኢሜይሉን ወይም የተጻጻፉትን መልእክት ያውጡና ማስተካከያውን በራሱ ወጪ እንዲሠራ ይጠይቁት። ራስዎ በድረ ገጹ መርጠው ከሆነ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው።

የጉዞ ኢንሹራንስ ካለዎት ውሉን ይዩት፤ ብዙ ተስፋ ግን አያድርጉ። የተለመዱት ውሎች ሕመምን፣ የቤተሰብ ሞትንና የመሳሰለውን ይሸፍናሉ እንጂ የተሳሳተ ምርጫን አይሸፍኑም። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝን የሚሸፍን ውል አለ፤ ግን ትኬቱ በተቆረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ መገዛት አለበት። የሚመልሰውም ከፊሉን ነው።

ይህ ስህተት የግድየለሽ ሰው ስህተት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የፍለጋ ሳጥኑ ሁለት ሦስት ፊደል ሲጻፍለት ራሱ ያሟላል። በስልክ ስክሪን ላይ የአገሩ ስም ተቆርጦ ይቀራል። ውጤቱ በዋጋ ይደረደራል፤ ዓይን ወደ ርካሹ ይሄዳል። ማረጋገጫው ኢሜይል ላይም ያው «ሳን ሆሴ» ተጽፎ ይመጣል፤ ሲያነቡት ትክክል ይመስላል። ሲድኒ አውስትራሊያም ካናዳም አለች። በርሚንግሃም እንግሊዝም አላባማም አለች። ሜልበርን ፍሎሪዳ ውስጥም አለች። ሳንቲያጎ ቺሊ፣ ስፔንና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ አየር ማረፊያ አለው። የስፔኗ ግራናዳና የካሪቢያኗ ግሬናዳም ያምታታሉ። መለያው ባለ ሦስት ፊደል የአየር ማረፊያ ኮድ ነው። የኮስታ ሪካው ኤስጄኦ (SJO) ነው፤ የካሊፎርኒያው ኤስጄሲ (SJC)። የጉባኤ አዘጋጆች የአዳራሹን ስምና የካምፓሱን ካርታ በጥንቃቄ ይልካሉ፤ ይህችን ኮድ ግን ብዙ ጊዜ ይረሷታል። በየጥሪ ደብዳቤው ላይ ብትጻፍ ስንት ሰው ከጭንቀት ይድን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ከትኬቱ ምን ማዳን ይቻላል? በተቆረጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያውቁ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ወይም በአሜሪካ ውስጥ ለሚደረግ በረራ አየር መንገዱ ራሱ የሸጠው ትኬት፣ ከጉዞው 7 ቀን ወይም ከዚያ በፊት የተቆረጠ ከሆነ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ይሰረዛል፤ ወይም ሳይከፈልበት ለ24 ሰዓት ይያዛል። ሕጉ የጉዞ ወኪሎችን አያስገድድም፤ ብዙዎቹ ግን በፈቃዳቸው ይሠሩበታል። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለ መብት አለ ብላችሁ አትገምቱ። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት በኦንላይን የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ የአውሮፕላን ትኬት ግን በዚህ መብት ውስጥ አይካተትም። ለእርስዎ ጊዜው አልፏል።

ያላለፈ አንድ በር አለ፤ ብዙ ሰው አያየውም። ከገዙ ወዲህ አየር መንገዱ የበረራውን ሰዓት ቀይሮ እንደሆነ ይፈትሹ። በ2024 በወጣው የአሜሪካ ደንብ መሠረት ወደ አሜሪካ በሚደረግ ዓለም አቀፍ ጉዞ መነሻው በ6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከቀደመ፣ ወይም መድረሻው በዚያው ያህል ከዘገየ፣ ለውጡን ያልተቀበለ መንገደኛ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል፤ የማይመለስ ትኬት ቢሆንም። የመነሻ ወይም የመድረሻ አየር ማረፊያው ከተቀየረ፣ ወይም የትራንዚቱ ብዛት ከጨመረም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሰዓት ለውጥ ኢሜይል ደርሶዎት ከነበረ «እቀበላለሁ» የሚለውን አይጫኑ። ከደረሰዎት ዕድለኛ ነዎት። ካልደረሰዎት ግን ይደርስ ይሆናል ብለው አይጠብቁ።

ይህ ከሌለ ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው ትኬቱን ወደ ትክክለኛው መድረሻ ማስቀየር ነው፤ በሥራው ቋንቋ ሪኢሹ ይባላል። የከፈሉት ዋጋ ይታሰብልዎታል፤ የለውጥ ቅጣትና የዋጋ ልዩነት ይጨምራሉ። ሁለተኛው ሰርዞ ተመላሹን ወስዶ ሌላ ትኬት መግዛት ነው። የማይመለስ በሚባል ትኬት ላይ እንኳ ያልተጠቀሙበት የመንግሥትና የአየር ማረፊያ ታክስ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አየር መንገዱ ራሱ የጨመረው የነዳጅ ክፍያ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ ትኬቱ ላይ ከታክሱ ጋር ስለሚደረደር ሰው ያምታታዋል።

የትኛው ይሻላል? በስሜት ሳይሆን በስሌት ይወሰን። የመጀመሪያው ትኬት 1,000 ነበር እንበል። ወደ ኮስታ ሪካ በዚያው አየር መንገድ 1,300 ይሆናል፣ ቅጣቱ 200 ነው። ማስቀየሩ 500 ያስከፍልዎታል። ሰርዘው 150 ታክስ ቢመለስልዎትና በሌላ አየር መንገድ 900 የሚያወጣ ቢያገኙ ከኪስዎ የሚወጣው 750 ነው፤ ስለዚህ ማስቀየሩ ይሻላል። ሌላው አየር መንገድ 600 ቢሸጥ ግን 450 ስለሚሆን መሰረዙ ያዋጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ተበሳጭቶ መጀመሪያ ይሰርዛል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። የተሰረዘ ትኬት ዋጋ ደግሞ ለማስቀየር ላይታሰብልዎት ይችላል። ሦስቱንም ቁጥሮች ማለትም ማስቀየሪያውን፣ ተመላሹንና አዲሱን ዋጋ በጽሑፍ ሳይዙ ስረዛ የሚለውን ቁልፍ አይንኩ።

የሚያነጋግሩት ትኬቱን የሸጠልዎትን ወኪል ነው። ወደ አየር መንገዱ ቢደውሉ አብዛኛውን ጊዜ «ወኪልዎን ይጠይቁ» ይባላሉ፤ ጊዜው ወደ ጉዞው ሲጠጋ ግን አንዳንዶቹ ራሳቸው ይረከባሉ። ስልክ ቁጥሩን ከማረጋገጫው ኢሜይል ወይም ከወኪሉ መተግበሪያ ይውሰዱ። ቁጥር ጎግል አድርገው አይደውሉ። የአየር መንገድ ደንበኞች አገልግሎት መስለው ስልክ የሚያነሱ አጭበርባሪዎች አሉ፤ የለውጥ ክፍያ ብለው የካርድ ቁጥር ይወስዳሉ። ባለ ስድስት ፊደሉን የቡኪንግ ኮድም ለእርዳታ ብለው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይለጥፉ። ኮዱና የአባት ስምዎ ያለው ሰው ቡኪንግዎን ሊከፍት ይችላል።

አዲሱን መንገድ ሲመርጡ ከዋጋ በፊት የትራንዚት አገሩን ይዩ። በእርስዎ ሁኔታ በአሜሪካ የሚያልፍ መንገድ ሁሉ ከዝርዝሩ ይውጣ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ በማያሚ፣ በሂውስተን ወይም በአትላንታ የሚያልፉ ስለሆኑ ዓይንዎን ይስባሉ፤ ያለ አሜሪካ ቪዛ ግን እነሱም ያው ግድግዳ ናቸው። ወደ ኮስታ ሪካ ከማድሪድ፣ ከፓሪስ፣ ከፍራንክፈርትና ከአምስተርዳም እንዲሁም ከፓናማ ሲቲና ከቦጎታ በረራ አለ። አውሮፓ ላይም ጥንቃቄ አለ። በሼንገን አገሮች፣ ማለትም በጋራ ቪዛ በሚሠሩት የአውሮፓ አገሮች፣ ከአየር ማረፊያ ሳይወጡ ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ የሚጠየቁ፣ ኢትዮጵያንና ኤርትራን ጨምሮ፣ የ12 አገሮች ዜጎች አሉ፤ አንዳንድ አገሮችም በራሳቸው ዝርዝር ላይ ሌሎችን ይጨምራሉ። የሚያገለግል የሼንገን፣ የካናዳ፣ የጃፓን ወይም የአሜሪካ ቪዛ የያዘ ሰው ከዚህ ነጻ ነው። የእርስዎ ፓስፖርት የት እንደሚወድቅ ሳይከፍሉ በፊት ከሚያልፉበት አገር ቆንስላና ከአየር መንገዱ ያረጋግጡ።

ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን አገጣጥመው አይሂዱ። ርካሽ ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም፣ ገንዘቡንም የሚመልስልዎት የለም። ሻንጣዎን መሃል ላይ መረከብ ካለብዎት ደግሞ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ማለትም የዚያን አገር ቪዛ መያዝ ይመጣል። ከመነሻ እስከ ኤስጄኦ በአንድ ትኬት ይሁን። ጥናትዎን ከሚያቀርቡበት ዕለት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቀድመው ይድረሱ።

ትኬት ላይ ስናተኩር የምንረሳው አንድ ሰነድ አለ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ኮስታ ሪካ በሽታው ካለባቸው የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ አገሮች ከሚመጡ መንገደኞች ትጠይቃለች። በቦጎታ በኩል ማለፍም ጥያቄውን ሊያስነሳ ይችላል። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ነው። ለጉዞው 16 ቀን ቀርቶታል፤ ስለዚህ ካርዱ ከሌለዎትና ከሚመለከታቸው ከሆኑ ለመከተብ ያለዎት 6 ቀን ብቻ ነው። ቀድሞ የተከተቡ ከሆነ አይጨነቁ፤ ከ2016 ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ለአዘጋጆቹ ዛሬ ይጻፉ። ማፈርዎ ይገባኛል። ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ትልቅ ጉባኤ ስማችንን የምናስተዋውቅበት ነው፤ በስህተት መተዋወቅ ማንም አይፈልግም። ነገር ግን አዘጋጆች ቪዛ የተከለከለ፣ በረራ ያመለጠው፣ የታመመ ተናጋሪ ሁልጊዜ ያጋጥማቸዋል። የሚጎዳቸው ስህተቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ዛሬ ካወቁ ፕሮግራሙን ገና ማንቀሳቀስ ይችላሉ፤ በዕለቱ ካወቁ ባዶ መድረክ ብቻ ነው የሚቀራቸው። አጭር ይሁን፦ «የበረራ ትኬቴ ላይ የመድረሻ ስህተት ስላገኘሁ እያስተካከልኩ ነው። አዲሱን የበረራ ቁጥር በዚህ ቀን እልካለሁ። ገለጻዬ ወደ ጉባኤው ማብቂያ ቢዘዋወር ይረዳኛል። መድረስ ባልችል በኢንተርኔት ማቅረብ ወይም ተባባሪ ጸሐፊዬ ማቅረብ ይችላል?» የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው። አንዳንድ ጉባኤዎች ሳይቀርብ የቀረ ጽሑፍን ከታተመው ስብስብ ያወጣሉ። ለምሳሌ አይትሪፕልኢ የተባለው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በጉባኤ ላይ ያልቀረበን ጽሑፍ ከስርጭት የማስቀረት መብቱን በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ ፈቃዱን በጽሑፍ ያግኙ።

በዚያው አጋጣሚ ሆቴሉንም ይፈትሹ። ትኬቱን ያሳሳተው የፍለጋ ሳጥን ሆቴሉንም አሳስቶ ሊሆን ይችላል። የኢንሹራንስ ውሉ ላይ የተጻፈው መድረሻም ኮስታ ሪካ መሆኑን ይዩ።

የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ላይ ግልጽ ይሁኑ። አብዛኞቹ ተቋማት የሚተኩት የተጓዙበትን ትኬት ነው፤ ደረሰኝና ቦርዲንግ ፓስ ይጠይቃሉ። ቅጣቱና የጠፋው ገንዘብ በእርስዎ ሊቀር ይችላል፤ አንዳንድ ቦታ ግን አስቀድሞ ከተጠየቀ የተወሰነውን ይሸፍናሉ። አዲሱን ትኬት ከመክፈልዎ በፊት ለአማካሪዎና ለፋይናንስ ክፍሉ ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ዋጋ፣ ቅጣቱንና ልዩነቱን ለየብቻ ያስቀምጡ። ወኪሉ ሁሉንም በአንድ ደረሰኝ ጠቅልሎ ቅጣቱ እንዳይታይ ላድርግልዎ ቢል እሺ አይበሉ። የመድረሻ ስህተት ይቅር ይባላል፤ የተድበሰበሰ ደረሰኝ ግን የትምህርት ዕድል ያሳጣል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ዛሬ ለአዘጋጆቹና ለአማካሪዎ ይጻፉ፤ የሰዓት ለውጥ መኖሩን ይፈትሹ፤ ወኪሉን የማስቀየሪያና የተመላሽ ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁ። ነገ የትራንዚት ቪዛውንና የክትባት ካርዱን ያረጋግጡ። በሦስት ቀን ውስጥ፣ አሜሪካን የማይነካና በአንድ ትኬት የሚያልቅ መንገድ ይዘው ይወስኑ። ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ማስቀየሩን ይምረጡ፤ አሮጌው ትኬት በዚያው ይዘጋል፣ ተመላሽ ብለው ወራት አይጠብቁም። አዲስ ከገዙ ደግሞ አሮጌውን ከመነሻ ሰዓቱ በፊት መሰረዝዎን አይርሱ፤ የስረዛ ማረጋገጫውንም ያስቀምጡ። እስከ ሦስተኛው ቀን በሰነድዎ የሚያልፍ መንገድ ካልተገኘ ትኬቱን ሰርዘው በኢንተርኔት ያቅርቡ። ያልተረጋገጠ ትራንዚት ይዘው አየር ማረፊያ አይሂዱ።

አዲሱ ትኬት ሲደርስዎ በወኪሉ ኢሜይል ብቻ አይርኩ። ቡኪንግ መኖሩ ትኬት ወጥቷል ማለት አይደለም። ባለ 13 አኃዝ የትኬት ቁጥሩን ይፈልጉ፤ በአየር መንገዱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ቡኪንጉን ይክፈቱ። ስምዎ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን፣ የየበረራውን ቀንና መድረሻው ኤስጄኦ መሆኑን ይዩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ካለ ቀኑን ሁለቴ ያንብቡ፤ በ14ኛው ቀን 00:30 ለሚነሳ አውሮፕላን አየር ማረፊያ መገኘት ያለብዎት በ13ኛው ቀን ማታ ነው። ከዚያም የጉዞ ዝርዝሩን ለአንድ ሌላ ሰው፣ በተለይም ለሚቀበሉዎት አዘጋጆች ይላኩና እነሱም ያንብቡት።